የማይቋረጥ ምት፦ የዘፈን አካሄድ ታሪክ በአምቦና በምዕራብ ሸዋ ከተሞች

የሙዚቃ ታሪክ በአብዛኛው የሚጻፈው የዘፋኞችን ስም፣ የግጥሞችን ይዘትና የመሣሪያዎችን ዓይነት ተከትሎ ነው። ዘፈኖች በምን ቅደም ተከተል እንደሚደረደሩ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው በምን ዘዴ እንደሚታለፍ፣ አንድ የሠርግ ሌሊት ወይም አንድ ካሴት ከየት ተነሥቶ የት ላይ እንደሚግልና በየት በኩል እንደሚበርድ የሚመረምር ጽሑፍ ግን እምብዛም አይገኝም። በዚህ ጽሑፍ «አካሄድ» የተባለው ይህ የአደራደርና የአሸጋገር ጥበብ ነው። አምቦና በዙሪያዋ ያሉት የምዕራብ ሸዋ ከተሞች አካሄድን ለማጥናት የተመቹ ናቸው፤ በአንድ በኩል ምቱ ሳይቋረጥ ለረጅም ሰዓት የሚዘለቀው የረገዳ ጨዋታ እስከ ዛሬ በአካባቢው በሕይወት አለ፤ በሌላ በኩል ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው አምቦ ወደ ነቀምት በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ በመሆኗ ሸክላም፣ ካሴትም፣ ሲዲም፣ በመጨረሻም የዲጄ ኮምፒዩተር በየተራ ደርሰውባታል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ረገዳ የሸዋ ቱለማ ኦሮሞ ወጣቶች በሠርግና በበዓላት የሚጫወቱት የዘፈንና የጭፈራ ዓይነት ነው። ተጫዋቾቹ በመስመር ወይም በግማሽ ክብ ቆመው፣ አንዱ ግጥሙን ሲያወጣ ሌሎቹ አዝማቹን እየተቀበሉ፣ በጭብጨባና በእግር አንድ ዓይነት ምት ይዘው ይዘልቃሉ። እዚህ ላይ ምቱን የሚሸከመው ከመሣሪያ በፊት የሰው አካል ነው፤ ድቤ ቢኖር ጨዋታውን ያደምቀዋል፣ ባይኖርም እጅና እግር ስላለ ጨዋታው አይቀርም። ስለዚህ የረገዳ ሌሊት ተነጣጥለው የሚቆጠሩ ዘፈኖች ድምር አይደለም። ዜማውና ግጥሙ በላዩ እየተቀያየሩ የሚያልፉበት አንድ ረጅም የምት ወንዝ ነው ቢባል ከእውነቱ አይርቅም።

ሠርጉ በሙሉ ሲታይ ደግሞ ይህ ምት ራሱ በትልቅ ቅደም ተከተል ውስጥ የተቀመጠ ሆኖ ይገኛል። የሙሽራው ወገን ወደ ሙሽሪት ቤት ሲያመራ የሚዘፈነው የጉዞ ዘፈን ሲሆን፣ ለመራመድ የሚመች ፍጥነት አለው። ከደጃፍ ሲደረስ ሁለቱ ወገኖች እየተሰዳደቡና እየተፎካከሩ የሚመላለሱበት አረብሶ የሚባለው የነቆራ ዘፈን ይከተላል፤ ስድቡ የእውነት ጠብ ሳይሆን በሥርዓት የተፈቀደ ጨዋታ ነው፣ ፍጥነቱም ከመልስ ወደ መልስ እየጨመረ ይሄዳል። ሙሽሪት ከወላጆቿ ስትለይ የሚዜመው መራሮ ግን በተቃራኒው የኀዘንና የስንብት ዜማ በመሆኑ ዝግ ያለ ነው፤ አባትና እናት፣ ወንድምና እኅት፣ አብሮ አደግ ጓደኛም በስም እየተጠሩ ይነሣሉ። ከኀዘኑ በኋላ ጨዋታው እንደገና ይሞቃል። ይህን ቅደም ተከተል አንድ ሰው ተቀምጦ የነደፈው ባይሆንም፣ ስድቡ ከስንብቱ በፊት፣ ስንብቱም ከመጨረሻው ደስታ በፊት መቀመጡ በአጋጣሚ የተገኘ አይደለም፤ የሰው ስሜት ምን ያህል ጊዜ ሊወጠርና መቼ ሊረግብ እንደሚገባው ብዙ ትውልድ እያየ ያስተካከለው ሥርዓት ነው።

የዚህ ጥበብ ዋና መገለጫ የአውጪዎች መለዋወጥ ነው። አንዱ አውጪ ድምፁ ሲደክም ወይም ግጥሙ ሲያልቅ ዝም ብሎ አያቆምም፤ የሚያወጣቸውን ስንኞች እያሳጠረ አዝማቹን ለተቀባዮቹ ይለቅላቸዋል። ተቀባዮቹ አዝማቹን ሲደጋግሙ አዲሱ አውጪ በእነርሱው ድምፅ መካከል ይገባል፤ በመጀመሪያ አንድ ሁለት ስንኝ በአሮጌው ዜማ ላይ ያወርድና ጆሮ ከለመደው በኋላ የራሱን ዜማ ያመጣል። በዚህ ሁሉ መካከል ጭብጨባው አይቋረጥም። ጨዋታውን ማብረድ ሲያስፈልግም እጅ ይለሰልሳል፣ እግር ከመሬት የሚነሣበት ከፍታ ይቀንሳል፣ ምቱ ግን ያው ነው። ነባር ተጫዋች ከጀማሪ የሚለየው በድምፁ ማማር ብቻ ሳይሆን መግቢያውን በማወቁ ነው፤ አዝማቹ ሳይዞር የገባ አውጪ ግጥሙ የቱንም ያህል ቢያምር ጨዋታውን ያደናቅፋል።

ምቱ ሙሉ በሙሉ የሚቆምበት ጊዜም አለ፤ ይኸውም ጌረርሳ ሲመጣ ነው። ጌረርሳ አንድ ሰው ጀግንነትን፣ አደንን፣ የዘመኑን በደል ወይም የራሱን ሕይወት የሚያወሳበት ለብቻ የሚዜም ዘፈን ሲሆን፣ ከረገዳ የሚለየው በቋሚ ምት ያልታሰረ መሆኑ ነው፤ ዘፋኙ ስንኙን እንደ ትንፋሹ ያስረዝማል፣ ያሳጥራል። ጭብጨባ የለመደ ጆሮ በድንገት ከምት ሲላቀቅ ለቃሉ ትኩረት ይሰጣል፤ ጌረርሳው አብቅቶ ጭብጨባው ሲመለስም የሚመለሰው ከቀድሞው በበለጠ ኃይል ነው። ይህ ነጥብ ወደ ኋላ ስለ ዲጄ ሚክስ በሚነገርበት ቦታ ያስፈልጋል።

ሸክላ ወደ ኢትዮጵያ ሙዚቃ ሲገባ መጀመሪያ የጎዳው አካሄድን ነው። በ1948 የወጣ የንጉሠ ነገሥቱ ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብትን ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጥቶ ነበር፤ በ1969 አምሃ እሸቴ ይህን ክልከላ ጥሶ የራሱን አሳታሚ ድርጅት ሲያቋቁም የአዲስ አበባ ዘመናዊ ሙዚቃ በብዛት መታተም ጀመረ። የዘመኑ ሸክላ በአብዛኛው በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረው ትንሹ ሲሆን፣ በአንድ ገጹ የሚይዘው አንድ ዘፈን ብቻ ነው። ከአራትና ከአምስት ደቂቃ የማያልፍ ጊዜ ለመቅረጽ ሲባል መግቢያው አጠረ፣ የአዝማቹ ድግግሞሽ ተቆጠረ፣ ማብቂያው ተወሰነ። ዓሊ ቢራ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በኦሮምኛ የዘፈናቸው ዘፈኖች በሸክላ መታተማቸው ለቋንቋው ሙዚቃ ትልቅ ድል ነበር፤ የሌሊት ጨዋታ ርዝመትን ግን ሸክላ በባሕርዩ ሊሸከመው አይችልም ነበር።

ካሴት ይህን ለወጠ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ካሴት እየተስፋፋ መጥቶ በዐሥርቱ መጨረሻ ላይ የሸክላ ኅትመት በአገር ውስጥ ቀረ። አንድ የ60 ደቂቃ ካሴት በእያንዳንዱ ገጹ 30 ደቂቃ ስለሚይዝ፣ ዘፋኙና አቀናባሪው (ዘፈኑን ለመሣሪያዎች የሚያከፋፍለውና የሚያዋቅረው ባለሙያ) ለመጀመሪያ ጊዜ የትኛው ዘፈን ቀድሞ፣ የትኛው ገጽ ሀን ዘግቶ፣ የትኛው ገጽ ለን እንደሚከፍት መወሰን ነበረባቸው። በደርግ ዘመን የነበረው ሰዓት እላፊም በአካሄድ ላይ የራሱን አሻራ አሳርፏል፤ በአዲስ አበባ ሆቴሎች የሚጫወቱ ባንዶችና ታዳሚዎቻቸው ሰዓት እላፊው ካለፈባቸው እስኪነጋ እዚያው ስለሚቆዩ፣ ባንዶቹ አንድ ሌሊት ሙሉ ሰውን የሚያቆይ ረጅም ጨዋታ መዘርጋትን ተምረዋል። ዳህላክ ባንድና ኃይሉ መርጊያ በ1978 በግዮን ሆቴል ቀርጸው ያወጡት «ወደ ሐረር ጉዞ» የተባለው በመሣሪያ ብቻ የተሠራ ካሴት የዚያ ዘመን ልጅ ነው። ሰባት ዓመት ቆይቶ፣ በ1985፣ ኃይሉ መርጊያ በዋሽንግተን አኮርዲዮንን ከኤሌክትሪክ ኪቦርድና ምት ከሚያመነጭ የከበሮ ማሽን ጋር አቀናጅቶ ያወጣው ካሴት ደግሞ ከዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ጋር ይበልጥ ይቀራረባል፤ ማሽኑ የማይደክም ምት ይይዛል፣ በላዩም የቆዩ ዜማዎች ቀስ እያሉ ይወርዳሉ። ያ ሥራ በ2013 በውጭ አገር አሳታሚ እንደገና ሲወጣ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ አድማጮች እንደ ራሳቸው ዘመን ሥራ መቀበላቸው የሚያስገርም አይደለም።

በአምቦ መንገድ ላይ ካሴት ሌላ ሕይወት ነበረው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ በኩል አምቦ የሚደርስ አውቶቡስ ሾፌር አንድ ካሴት ከአንድ ጊዜ በላይ ገልብጦ ማጫወት ይችል ስለነበር፣ መንገደኛው የዘፈኖቹን ቅደም ተከተል ሳያስበው በቃሉ ያጠናው ነበር፤ አንዱ ዘፈን ሲያልቅ የሚቀጥለው ገና ሳይጀምር በአእምሮው ይሰማው ነበር። በየከተማው የነበሩት የሙዚቃ ቤቶችም ካሴት ከመሸጥ ባለፈ፣ ደንበኛው የመረጣቸውን ዘፈኖች በባዶ ካሴት ላይ እየቀዱ «ኮሌክሽን» ያዘጋጁ ነበር። ኮሌክሽን ማዘጋጀት የመቅዳት ሥራ ብቻ አልነበረም፤ የትኛውን ከየትኛው ማስከተል እንደሚሻል፣ ከሠርግ ዘፈን ቀጥሎ ትዝታ ቢመጣ ጨዋታውን እንደሚያበርደው የሚያውቅ ቀጂ የተፈላጊነቱ ምክንያት ጆሮው ነበር። በእርግጥ ይህ ሥራ ለዘፋኞች ገቢ የማያስገኝ ብቻ ሳይሆን የሚጎዳቸውም ነበር፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1996 የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ያለ ፈቃድ ማባዛትን በሕግ የከለከለው በዚሁ ምክንያት ነው። የባለመብቶቹ ጥያቄ ትክክል ነበር። ሆኖም ቀጂዎቹ ያካበቱት የአደራደር እውቀት በጽሑፍ ሳይመዘገብ ከሙያው ጋር አብሮ መጥፋቱ እንደ ጉዳት ሊቆጠር ይገባል።

ካሴት በምዕራብ ሸዋ እየነገሠ በነበረበት ዘመን በእንግሊዝ አገር የዘፈን አካሄድ ራሱን የቻለ የጥበብ ሥራ ሆኖ መታወቅ ጀምሮ ነበር። ሃውስ በ1980ዎቹ በአሜሪካዋ ቺካጎ የተወለደ የጭፈራ ሙዚቃ ሲሆን፣ በደቂቃ ከ120 እስከ 130 በሚደርስ ፍጥነት አራት እኩል ምቶችን እየደጋገመ ይሄዳል። ሚክስማግ የተባለው የእንግሊዝ መጽሔት ጋዜጠኛ ዶም ፊሊፕስ በ1992 ፕሮግረሲቭ ሃውስ የሚል ስም የሰጠው የዚህ ሙዚቃ ቅርንጫፍ ዘፈኑ በአንድ ጊዜ የማይፈነዳ፣ ድምፅ በድምፅ ላይ ቀስ በቀስ እየተደረበ የሚያድግ ነው። በዚያው ዓመት በማንስፊልድ ከተማ ሬኔሳንስ የተባለ የምሽት ክበብ ተከፈተ፤ የክበቡ ዲጄዎች የነበሩት ሳሻና ጆን ዲግዊድም በ1994 በሦስት ሲዲ የተዘጋጀ ሚክስ አልበም አወጡ። ሚክስ አልበም ማለት ዲጄው የሌሎችን ሰዎች ዘፈኖች መርጦ፣ ደርድሮና አንዱን ከሌላው አጋጥሞ፣ መካከል ላይ ዝምታ ሳይገባ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንደ አንድ ሥራ የሚያቀርብበት አልበም ነው። አንድ ሲዲ 74 ደቂቃ ያህል ስለሚይዝ ካሴት የሚጠይቀው የመገልበጥ ግዴታም ቀርቷል። ሁለቱ ዲጄዎች በ1996 ያወጡት «ኖርዘርን ኤክስፖዠር» በሁለት ሲዲ የተከፈለ ሲሆን፣ በዝግታ ድምፆች ተጀምሮ ወደ ጭፈራው ምት የሚደርሰው አድማጩን አለሳልሶ ነው፤ ትዕግሥት የሚጠይቅ አጀማመር ነው፣ ትዕግሥቱም ዋጋ አለው።

የመጋጠሙ ሥራ በቅርብ ሲታይ የሚከተለውን ይመስላል። የመጀመሪያው ዘፈን በአዳራሹ ሲሰማ ዲጄው ሁለተኛውን በጆሮው ማዳመጫ ብቻ ያዳምጣል፤ የማጫወቻውን ፍጥነት በጥቂቱ እየጨመረና እየቀነሰ የሁለቱን ምት እኩል ያደርጋል። ቀጥሎ ምቱን በስምንት፣ በ16፣ በ32 እየቆጠረ የዘፈኑ አንቀጽ የሚዞርበትን ቦታ ይጠብቃል። ቦታው ሲደርስ ሁለተኛውን ዘፈን ያስገባዋል፤ ነገር ግን ወፍራሙን የቤዝ ድምፅ ቆርጦ ቀጫጭኖቹን ድምፆች ብቻ ነው፣ ምክንያቱም ሁለት ቤዝ በአንድ ጊዜ ከተሰማ ድምፁ ይደፈርሳል። አድማጩ አዲሱን ሳያውቀው መልመድ ሲጀምር የመጀመሪያው ቤዝ ይወጣና የሁለተኛው ይገባል። በፕሮግረሲቭ ሃውስ ይህ ሽግግር ከአንድ ደቂቃ በላይ ሊፈጅ ይችላል፤ ዘፈኖቹም ለዚሁ ሲባል ረጅም መግቢያና ረጅም መውጫ ኖሯቸው ይሠራሉ።

የረገዳን የአውጪ ለውጥ ላጤነ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም። በሁለቱም ዘንድ ምቱ አይቋረጥም፤ በሁለቱም ዘንድ አዲሱ የሚገባው አሮጌው ሳይወጣ ነው፤ በሁለቱም ዘንድ ትክክለኛው መግቢያ አዝማቹ ወይም አንቀጹ የሚዞርበት ቦታ ነው። ጌረርሳ ረገዳን እንደሚያቋርጠው ሁሉ፣ በፕሮግረሲቭ ሃውስም «ብሬክዳውን» የሚባል፣ ከበሮው ወጥቶ ዜማው ብቻውን የሚቀርበትና ጨፋሪው የምቱን መመለስ የሚጠብቅበት ክፍል አለ። አንዱ ከሌላው ተወረሰ ለማለት የሚያስችል ምንም መሠረት የለም፤ የሰው አካል ለረጅም ሰዓት እንዲጨፍር ሲፈለግ ተራርቀው የኖሩ ሕዝቦች ወደ ተመሳሳይ መፍትሔ መድረሳቸውን ግን ያሳያል። ልዩነታቸውም ቀላል አይደለም። ሚክስ አልበም የሚሠራው ታዳሚ በሌለበት በመሆኑ የመጋሉም የመብረዱም ውሳኔ የአንድ ሰው ነው፤ በረገዳ ግን ተቀባዩ አዝማቹን በማድመቅ ወይም በማለዘብ ለአውጪው መልስ ይሰጣል፣ አካሄዱም በሁለቱ መካከል ይወሰናል። በዚህ ረገድ ረገዳ ከሚክስ አልበም የሚበልጥ ጥበብ ነው ብሎ መፍረድ ይቻላል፤ ሚክስ አልበም በበኩሉ ያንን አንድ ጊዜ የተደረገ ጉዞ ደጋግሞ ለመስማትና ለመመርመር ያስችላል፣ ረገዳ ይህን ዕድል አላገኘም።

የአምቦ ሙዚቃ በአገር ደረጃ በእጅጉ የታወቀው በሃጫሉ ሁንዴሳ አማካይነት ነው። በ1986 በአምቦ የተወለደው ሃጫሉ በ2003፣ ገና በ17 ዓመቱ፣ ታስሮ አምስት ዓመት በአምቦ ወኅኒ ቤት ያሳለፈ ሲሆን፣ በ2009 የወጣው የመጀመሪያ አልበሙ «ሳኚ ሞቲ» አብዛኞቹ ዘፈኖች የተደረሱት በዚያ እስር ቤት ነው። ሁለተኛው አልበሙ «ዋኤ ኬኛ» በ2013 ተከተለ። ሃጫሉ የጌረርሳን ነጻ አዜማዜምና የሸዋን የጭፈራ ምት በአንድ መድረክ ያገናኘ ድምፃዊ ነበር፤ በታኅሣሥ 2017 በአዲስ አበባ ለተፈናቀሉ ወገኖች መርጃ በተዘጋጀው ኮንሰርት ላይ ያቀረበው ጌረርሳ፣ ምት የሌለው ዜማ የሞላ አዳራሽን እንዴት ሊያስነሣ እንደሚችል በግልጽ አሳይቷል። በ2015 የወጣው «ማላን ጅራ» ግን የአልበም ዘመን እያበቃ መሆኑንም የሚያመለክት ነው፤ በነጠላ ዜማነት ወጥቶ በዩቲዩብ የተሰራጨ ዘፈን በመሆኑ ከፊቱም ከኋላውም የተደረደረለት ዘፈን አልነበረም። ሰኔ 2020 ሃጫሉ ከተገደለና በአምቦ ከተቀበረ በኋላ፣ በዓመቱ «ማል መሊሳ» በሚል ርእስ ሥራዎቹ በአልበም ተሰባስበው ወጡ።

ነጠላ ዜማ ከሸክላው ዘመን ጋር የሚመሳሰል ችግር ይዞ ተመልሷል፤ እያንዳንዱ ዘፈን ለብቻው ይመጣል፣ ለብቻው ይሰማል፣ ቀጣዩን የሚመርጠውም ብዙውን ጊዜ የስልኩ ሥርዓት እንጂ ሰው አይደለም። ከዚህ በተቃራኒ የሄዱ ሥራዎችም ወጥተዋል። እንደገና ሙሉ «ኢትዮጵያን ሬከርድስ» በሚል ስም፣ ሚካኤል ሰይፉ ደግሞ በ2016 ባወጣው «ዘላለም» የአገር ቤት ድምፆችን ከኤሌክትሮኒክ ምት ጋር አዋሕደዋል። ዲጄ የነበረው ሮፍናን ኑሪ በ2018 «ነጸብራቅ» የተባለውን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ አልበም ሲያወጣም፣ ዲጄ ዘፈን አጫዋች ብቻ ሳይሆን አልበም የሚደርስ ሙያተኛ መሆኑን ሰፊው የአገሪቱ አድማጭ ተቀብሏል።

በምዕራብ ሸዋ ከተሞች ዛሬ የአካሄድን ጥበብ በተግባር የያዙት የሠርግ ዲጄዎች ናቸው። በአምቦ፣ በጉደር፣ በጌዶ ወይም በባኮ በሚደረግ ሠርግ ላይ ኮምፒዩተሩንና ድምፅ ማጉያውን ይዞ የሚቆመው ወጣት ድሮ አውጪዎችና ቀጂዎች ይሠሩት የነበረውን ሥራ አንድ ላይ ይሠራል፤ የሽማግሌዎችን ዘፈን ከወጣቶቹ፣ የኦሮምኛውን ከአማርኛው፣ ፈጣኑን ከዝግተኛው ጋር ያለ ዝምታ ማስተሳሰር ይጠበቅበታል። ከድንኳኑ ውጭ ደግሞ ብዙ ጊዜ ረገዳው በእጅና በእግር ለብቻው ይቀጥላል።

ረገዳ ለቴሌቪዥን ወይም ለዩቲዩብ ሲቀረጽ የሚቀርበው ተቆራርጦ ነው፤ የሚመረጠው የደመቀው ክፍል ሲሆን፣ የሚቆረጠው አውጪ ከአውጪ የሚለዋወጥበትና ጨዋታው የሚበርድበት ክፍል ነው፤ ይህ ማለት ጥበቡ ራሱ ተቆርጦ ይጣላል ማለት ነው። ስለዚህ አምቦ ዩኒቨርሲቲና የዞኑ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት የረገዳ ሌሊቶችን ከመጀመሪያው ጭብጨባ እስከ መጨረሻው፣ ምንም ሳይቆረጥ፣ ሰዓቱና የአውጪዎቹ ቅደም ተከተል እየተመዘገበ ሊቀርጹና ለተመራማሪዎች ክፍት ሊያደርጉ ይገባል። ሥራው ጥሩ ማይክሮፎንና ሌሊቱን ነቅቶ የሚያድር ባለሙያ እንጂ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሌሊቱን በሙሉ በቃላቸው የያዙት ነባር አውጪዎች በሕይወት ሳሉ መጀመር አለበት።